ሃይብሪድ ፒክአፕ፦ ነዳጅ ለመቆጠብ የትኛው አነዳድ ያዋጣል?

ሃይብሪድ ፒክአፕ፣ ማለትም የነዳጅ ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር አብረው የሚሠሩባት ፒክአፕ፣ የያዘ ሰው መጀመሪያ የሚያስበው «መኪናዋ ራሷ ትቆጥባለች፣ እኔ እንደ ድሮዬ እነዳለሁ» ብሎ ነው። በከፊል እውነት ነው። ቀይ መብራት ላይ ሞተሩ ራሱ ይጠፋል። ፍሬን ሲያዝ ባትሪው ራሱ ይሞላል። ግን እዚያው መኪና፣ እዚያው መንገድ ላይ፣ በዚያው ጭነት ሁለት ሰው በየተራ ብታስነዱ የሚያቃጥሉት ነዳጅ በግልጽ ይለያያል። ልዩነቱ ያለው እግራቸው ላይ ነው።

ችግሩ ምክሩ መብዛቱ ነው። አንዱ «በኤሌክትሪክ ብቻ ሂድ፣ ሞተሩን አታስነሳው» ይላል። ሌላው «ፈጠን ብለህ ተነስና ከዚያ ልቀቃት» ይላል። ሦስተኛው «ኢኮ ሞድ ላይ አድርገህ እርሳው» ይላል። ሁሉም የሆነ ቦታ ላይ ልክ ናቸው፣ ሁሉም ቦታ ላይ ግን አይደሉም። ስለዚህ አማራጮቹን እያነጻጸርኩ የትኛው የት እንደሚያዋጣ ልንገራችሁ፤ የማያዋጣውንም ሳልደብቅ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። በገመድ ቻርጅ የማይደረግ ሃይብሪድ ውስጥ ነጻ ኤሌክትሪክ የለም። ባትሪው ውስጥ ያለው ኃይል በሙሉ አንድ ጊዜ ነዳጅ ነበር። ወይ ሞተሩ ጄኔሬተር አዙሮ አስገብቶታል፣ ወይ ነዳጅ አቃጥላችሁ ያመጣችሁትን ፍጥነት ፍሬን ስትይዙ ባትሪው መልሶ ወስዶታል። ወደ ባትሪ ገብቶ፣ ተመልሶ ወጥቶ ጎማ ላይ እስኪደርስ ደግሞ ሲሶው ገደማ በሙቀት መልክ ይባክናል ብላችሁ ብታስቡ ብዙም አትሳሳቱም። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ የሚመነጨው ከዚህ ነው።

መጀመሪያ የያዛችሁትን እወቁ

የኋላ በሯ ላይ «ሃይብሪድ» የሚል ጽሑፍ ያላቸው ፒክአፖች አንድ ዓይነት አይደሉም። አነዳዱም ይለያያል።

ፎርድ ማቬሪክ አንደኛው ዓይነት ናት። 2.5 ሊትር የቤንዚን ሞተርና የኤሌክትሪክ ሞተር ኃይላቸውን በአንድ የጥርስ ስብስብ ውስጥ ይቀላቅላሉ፤ የለመድነው ዓይነት ማርሽ የላትም። ሁለቱ ተደምረው 191 የፈረስ ጉልበት ይሰጣሉ። ባትሪዋ ትንሽ ነው፣ 1.1 ኪሎዋት ሰዓት። የዚህ ዓይነቷ መኪና ከተማ ውስጥ ያለ ብዙ ጣጣ ሞተሯን እያጠፋች ትሄዳለች።

የፎርድ ኤፍ-150 ፓወርቡስት፣ ቶዮታ ተንድራና ታኮማ ሁለተኛው ዓይነት ናቸው። እነዚህ ላይ የኤሌክትሪኩ ሞተር በቤንዚኑ ሞተርና በካምቢዮው መካከል ነው የሚቀመጠው፤ ካምቢዮው ፓወርቡስትና ተንድራ ላይ ባለ 10 ፍጥነት፣ ታኮማ ላይ ባለ 8 ነው። የፓወርቡስቱ 35 ኪሎዋት ነው፣ የቶዮታዎቹም ከዚያ ብዙ አይርቅም። ኤሌክትሪኩ የሚያግዘው ከባድ መኪና ለመግፋትና ጭነት ለመሳብ ነው። በኤሌክትሪክ ብቻ መሄድ ይችላሉ፣ ግን ለአጭር ጊዜና በቀላል እግር።

ሦስተኛው ቀላሉ ሃይብሪድ ነው። በ48 ቮልት የሚሠራው ናፍጣ ሃይሉክስ ለዚህ ጥሩ ምሳሌ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተሩ 12 ኪሎዋት ብቻ ነው፤ ሞተሩን ያግዛል እንጂ መኪናዋን ብቻውን አይነዳም። እሱን ይዛችሁ «በኤሌክትሪክ ልሂድ» ብትሉ የምትፈልጉት ነገር እዚያ የለም። እዚህ የሚሠራው የድሮው ጥሩ አነዳድ ነው፤ አርቆ ማየት፣ ፍሬንን በለስላሳው መያዝ።

አራተኛው በገመድ የሚሞላው ነው። በ2024 የወጣችው ቢዋይዲ ሻርክ ወደ 30 ኪሎዋት ሰዓት የሚጠጋ ባትሪ አላት። ከማቬሪክ ባትሪ ከ25 እጥፍ በላይ ይሆናል። እሷ ላይ ሒሳቡ ይገለበጣል፣ ምክንያቱም ኤሌክትሪኩ ከሶኬት የመጣ ነው። ማታ ከሞላችኋት በኤሌክትሪክ ብቻ መሄድ ትክክለኛው ምርጫ ነው። ካልሞላችኋት ግን ከባድ ባትሪ ተሸክማ ቤንዚን የምታቃጥል መኪና ይዛችኋል ማለት ነው። ቻርጅ ማድረጊያ ቦታ የሌለው ሰው ይህችን ከመግዛቱ በፊት ደጋግሞ ያስብ።

መግዛት ላይ ያላችሁ ሰዎች ደግሞ ይህን ተመልከቱ። በአሜሪካ ይፋ መለኪያ የ2022 ማቬሪክ ሃይብሪድ ከተማ ውስጥ በሊትር 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ትሄዳለች፣ አውራ ጎዳና ላይ ግን 14። ተገላቢጦሽ ነው! ሞተሯ ሁለት ጎማ ብቻ የሚነዳው ሃይብሪድ ተንድራ ደግሞ ከተማ ውስጥ 8.5፣ አውራ ጎዳና ላይ 10 ገደማ። ፓወርቡስቷ ሁለቱም ላይ ለ10.6 ቅርብ ናት። ውሏችሁ መቆም መነሳት የበዛበት ከሆነ የመጀመሪያው ዓይነት ሃይብሪድ ገንዘቡን ይመልሳል። ውሏችሁ ረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ከሆነ የሃይብሪድነት ጥቅሙ ይሳሳል፣ ያኔ ፍጥነታችሁና የመኪናዋ ቅርጽ ናቸው ዋናዎቹ።

መነሳት ላይ፦ በኤሌክትሪክ ቀስ ብሎ፣ በመካከለኛ እግር ወይስ ረግጦ?

ረግጦ መነሳቱን ቶሎ እንለፈው። አያዋጣም። ሞተሩም ኤሌክትሪኩም አቅማቸውን አሟጠው ይሠራሉ፤ ቀጥሎ ያለው መብራት ላይ ደግሞ ያንን ሁሉ ፍጥነት በፍሬን ትጥሉታላችሁ።

ክርክሩ ያለው በቀሩት ሁለቱ መካከል ነው። አዲስ ነጂ ሁሉ የሚወደው የመጀመሪያውን ነው። እግሩን ለስሙ ያህል ነካ አድርጎ፣ ሞተሩ እንዳይነሳ እየሰጋ፣ አረንጓዴዋን ምልክት እያየ ይንፏቀቃል። ደስ ይላል፣ ይገባኛል። ግን ምን እየሆነ እንደሆነ እዩት። ባትሪው ትንሽ ስለሆነ ሁለት ሦስት ጊዜ እንዲህ ከተነሳችሁ ይወርዳል። ከዚያ ሞተሩ ይነሳና መኪናዋን መግፋት ብቻ ሳይሆን ባትሪውንም መሙላት አለበት። ያ የገባው ኃይል ቀጥታ ወደ ጎማ ቢሄድ ኖሮ ያን ያህል አይባክንም ነበር። አሁን ግን ወደ ባትሪ፣ ከባትሪ ወደ ጎማ ብሎ ዞሮ መጣ። ሲሶው መንገድ ላይ ቀረ።

ሌላም አለ። የቤንዚን ሞተር ቀላል ሥራ ላይ ሰነፍ ነው። በጣም ትንሽ ኃይል ሲጠየቅ ለሚሰጠው ጉልበት ከሚገባው በላይ ነዳጅ ይበላል። መካከለኛ ሥራ ሲሰጠው ነው ነዳጁን በደንብ የሚጠቀምበት። ስለዚህ መነሳት ላይ በመካከለኛ እግር፣ ከኋላችሁ ያለው ሰው ጥሩምባ በማይነፋበት ፍጥነት ተነሱ። ሞተሩ ይነሳ፣ አትፍሩት። የምትፈልጉት ፍጥነት ላይ ስትደርሱ እግራችሁን ለአፍታ ሙሉ በሙሉ አንሱና እንደገና በጣም በስሱ አሳርፉት። ሞተሩ ይጠፋል። ያንን ፍጥነት በኤሌክትሪክ መያዝ ትንሽ ኃይል ብቻ ይፈልጋል፤ ኤሌክትሪኩ የሚያዋጣውም እዚህ ላይ ነው።

በማቬሪክ ዓይነቷ ላይ ይህ በጣም ይሠራል። በከባዶቹ ላይም ይሠራል፣ ግን ሞተሩ ቶሎ ቶሎ ይነሳል። 2.5 ቶን መኪና በ35 ኪሎዋት ብቻ እየገፋችሁ ከትራፊክ ጋር እኩል ልሂድ ብትሉ አይሆንም። እነሱ ላይ መካከለኛውን እግር ምረጡና ካምቢዮው ቶሎ ወደ ከፍተኛ ማርሽ እንዲገባ አድርጉት። እግራችሁን ትንሽ ላላ ስታደርጉት ይገባል።

በኤሌክትሪክ መንፏቀቅ ልክ የሚሆንበት ቦታም አለ። ሰልፍ ውስጥ፣ ፓርኪንግ ውስጥ፣ በጣም በተጨናነቀ መንገድ ላይ በእግረኛ ፍጥነት ስትሄዱ። እዚያ ሞተሩን ማስነሳት ከንቱ ነው።

መቆም ላይ፦ ትልቁ ትርፍ እዚህ ነው

አንድ ነገር ብቻ ልማር የሚል ሰው ካለ ይህንን ይማር።

መብራቱ 200 ሜትር ላይ ቀይ ሆነ እንበል። እናንተ 60 ላይ ናችሁ። አራት ምርጫ አላችሁ፤ ከጥሩው ወደ መጥፎው ልደርድራቸው። ፍሬን ሳይነኩ በያዙት ፍጥነት መንከባለል። በለስላሳ ፍሬን ኃይሉን ወደ ባትሪ መመለስ። በጠንካራ ፍሬን ግማሹን መመለስና ግማሹን በፍሬን ሸራው ማቃጠል። እስከ መጨረሻው ረግጦ መጥቶ ድንገት መቆም።

አሁን ቀስ ብለን እንየው። ቀዩን እንዳያችሁ እግራችሁን አንሱ። ሞተሩ ይጠፋል። ዳሽቦርዱ ላይ ያለው መርፌ ወይም ባር ወደ ቻርጅ በኩል ትንሽ ዘንበል ይላል፤ ምክንያቱም መኪናዋ የድሮ መኪና ስሜት እንዲኖራት እግር ሲነሳ ራሷን በመጠኑ እንድትይዝ ተደርጋለች። ከፊታችሁ ገና ብዙ ርቀት ካለ ፔዳሉን በጣም በስሱ ንኩት፣ መርፌው መሀል ላይ፣ ዜሮ ላይ እስኪቆም ድረስ። አሁን አትበሉም፣ አትሰበስቡም፤ እየተንከባለላችሁ ነው። ከተማርነው ሁሉ ርካሹ ጉዞ ይሄ ነው።

80 ሜትር ገደማ ሲቀር ፍሬኑን ያዙ። የመጀመሪያዎቹ ሚሊ ሜትሮች ላይ የሚይዘው ሸራው ሳይሆን የኤሌክትሪክ ሞተሩ ነው፤ ጄኔሬተር ሆኖ ይዞራል። መርፌው የቻርጁ ክልል ውስጥ እስካለ ድረስ ጥሩ ነው። ክልሉን ሞልቶ ጫፍ ከደረሰ ትርፉን የሚይዘው ሸራው ነው፣ እሱ ደግሞ ሙቀት ብቻ ነው የሚሰጣችሁ። የመጨረሻዎቹ ጥቂት ኪሎ ሜትር በሰዓት ላይ ሸራው ራሱ ይረከባል፤ ይህን መቀየር አይቻልም፣ አትጨነቁበት።

ለምን ለስላሳ? በቁጥር እንየው። 2.5 ቶን የምትመዝን ፒክአፕ ከ60 በ5 ሰከንድ ብታቆሟት በአማካይ 70 ኪሎዋት ገደማ የሚይዝ ነገር ትፈልጋላችሁ። የኤሌክትሪክ ሞተሩ 35 ነው። ግማሹ ሄደ። ያንኑ በ15 ሰከንድ ብታቆሟት በአማካይ 23 ገደማ ይሆናል። አሁን አብዛኛው ወደ ባትሪ ይገባል። ፎርድ ሃይብሪዶቹ ላይ በቆማችሁ ቁጥር ስንት በመቶውን እንደመለሳችሁ የሚያሳይ ፍሬን አስተማሪ አለ። ያላችሁ ሰዎች ለጥቂት ጊዜ እያያችሁ ንዱ፤ እግር ቶሎ ይማራል።

ግን 100 በመቶ የሚለው ቁጥር እንዳያታልላችሁ። ሙሉ ነጥብ ያገኘ ፍሬንም ቢሆን ኃይሉ ወደ ባትሪ ዞሮ ሲመለስ ይሸራረፋል። ፍሬን ሳይያዝ መብራቱ አረንጓዴ እንዲሆን መጠበቅ ይበልጣል። 40 ላይ እየተንከባለላችሁ መብራቱ ቢለቅ በ60 ከነበራችሁ ጉልበት 44 በመቶው አሁንም እጃችሁ ላይ ነው። ከዜሮ አትነሱም።

ከኋላችሁ መኪና ካለ ግን ይህን ሁሉ በልክ አድርጉት። ከሩቅ ጀምሮ መንፏቀቅ ሰው ያናድዳል፤ የተናደደ ሰው ደግሞ አደገኛ ቦታ ላይ ይቀድማል። ነዳጁ ለዚያ አያዋጣም።

ስለ ዜሮ ማርሽም ልበል፣ ብዙ ሰው ከድሮ መኪና ይዞት የመጣ ልማድ ስለሆነ። ሃይብሪድን በዜሮ ማርሽ ማንከባለል ተዉት። ዜሮ ላይ ስትሆን ባትሪው አይሞላም፣ ፍሬን ስትይዙም የሚሠራው ሸራው ብቻ ነው። የሚፈለገው መንከባለል ከላይ እንዳልኩት «ዲ» ላይ ሆኖ፣ በእግር ይገኛል።

ቁልቁለት፦ «ዲ» ወይስ «ኤል» እና «ቢ»?

አንዳንዶቹ መኪኖች ማርሹ ላይ «ኤል» ወይም «ቢ» አላቸው። ብዙ ሰው «ቢ» ማለት ባትሪ መሙያ ይመስለዋል። «ቢ» ያላቸው ቶዮታ ሃይብሪዶች ላይ ዋና ሥራው ሞተሩን እያዞረ መኪናዋን መያዝ ነው። ኃይሉ የሚሄደው አየር ወደ መጭመቅ ነው እንጂ በሙሉ ወደ ባትሪ አይደለም። ስለዚህ ከተማ ውስጥ ዝም ብሎ «ቢ» ላይ አድርጎ መዋል ጉዳት ነው። የማቬሪክ «ኤል» ይሻላል፣ እግር ስታነሱ የሚሰበስበውን ይጨምራል። እሱም ቢሆን መንከባለልን ይነጥቃችኋል፤ እግራችሁ ባላረፈ ቁጥር ትያዛላችሁ።

ረጅም ቁልቁለት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ባትሪው ምን ያህል ትንሽ እንደሆነ የሚታየው እዚህ ነው። 2 ቶን የሚመዝን መኪና 200 ሜትር ከፍታ ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 1.1 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ይህ የማቬሪክ ባትሪ ሙሉ አቅም ነው። ኮምፒውተሩ ደግሞ ባትሪው እንዳይጎዳ ከባዶ እስከ ሙሉ አይጠቀምበትም፣ መካከለኛውን ክፍል ብቻ ነው የሚያዝዝበት። ከጉልበቱ የተወሰነውን ነፋሱና ጎማው ይበሉታል፤ ቢሆንም ረጅም ቁልቁለት ገና ሳያልቅ ባትሪው ይሞላል። ያኔ ሞተሩ ድንገት ሲያጓራ ትሰማላችሁ። አትደንግጡ፤ መኪናዋ ትርፉን ኃይል የምታስቀምጥበት ስላጣች ነዳጅ ሳትረጭ ሞተሩን እያዞረች ራሷን እየያዘች ነው።

ምርጫው እንግዲህ እንዲህ ነው። አጭር ቁልቁለት ከሆነ «ዲ» ላይ ሁኑና በለስላሳ ፍሬን ሰብስቡ። ረጅምና ቀጥ ያለ ቁልቁለት ከሆነ፣ በተለይ ጭነት ካለ፣ ከላይ ስትጀምሩ «ኤል» ወይም «ቢ» ያዙ፤ ሁለተኛው ዓይነት ከባዶቹ ላይ ደግሞ የጭነት ሞዱን። ዓላማው እዚህ ፍሬኑ እንዳይግል ነው፣ ነዳጁ ሁለተኛ ነው። መንገዱን የምታውቁት ከሆነ ደግሞ ዳገቱ ጫፍ ላይ ከመድረሳችሁ በፊት ኤሌክትሪኩ እንዲያግዝ ፍቀዱለት፣ ባትሪው ጎደል ብሎ ይድረስ። ከታች የሚሰበሰበው ቦታ ያገኛል።

አውራ ጎዳና፦ ክሩዝ ኮንትሮል ወይስ እግር?

ከሁለቱም በፊት ፍጥነቱ ይምጣ። ፒክአፕ ፊቷ ሰፊ ነው፣ ከፍ ያለች ናት፣ ኋላዋም ክፍት። የነፋስ ግፊት የሚያድገው በፍጥነቱ እጥፍ ሳይሆን በፍጥነቱ ካሬ ነው። ከ90 ወደ 110 ከፍ ስትሉ ነፋሱ የሚገፋችሁ ኃይል ወደ 50 በመቶ ይጨምራል። 100 ኪሎ ሜትር ላይ የምታተርፉት ጊዜ 12 ደቂቃ ገደማ ነው። እዚህ ላይ ሃይብሪዱ አያድናችሁም፤ ነፋስ የወሰደውን ባትሪ አይመልስም። ስለዚህ አውራ ጎዳና ላይ ምርጡ የነዳጅ መቆጠቢያ ዘዴ ጥቂት ቀደም ብሎ መነሳት ነው።

ክሩዝ ኮንትሮል፣ የመረጣችሁትን ፍጥነት ራሱ የሚጠብቀው፣ ሜዳ ላይ ያሸንፋል። እግር ሳይታወቀው ከፍ ዝቅ ይላል፣ ክሩዙ አይልም። ዳገትና ቁልቁለት በተደባለቀበት መንገድ ግን ተራው ክሩዝ ይሸነፋል፤ ዳገቱ ላይ ያቺን ቁጥር ለመጠበቅ ሞተሩን ያስጮኸዋል፣ ጫፍ ላይ ሲደርስ ደግሞ ለቁልቁለቱ ቦታ አይተውም። እግር ይህን ያውቃል። ዳገቱን በያዙት እግር ውጡ፣ ፍጥነቱ ትንሽ ይውረድ፣ ቁልቁለቱ ይመልስላችኋል።

ርቀት ጠባቂው ክሩዝ ትራፊክ በሌለበት ጥሩ ነው። ትራፊክ ሲበዛ ግን ከፊቱ ያለውን አንድ መኪና ብቻ ስለሚያይ ዘግይቶ ፍሬን ይይዛል፣ ከዚያ ተከትሎ ይሮጣል። እናንተ አምስት መኪና ወደፊት ማየት ትችላላችሁ። ብትጠቀሙበትም ርቀቱን ሰፊው ላይ አድርጉት።

ፍጥነት ሰጥቶ ደግሞ መልቀቅ፣ እንደገና መስጠት፣ እንደገና መልቀቅ የሚባለው ዘዴስ? ይሠራል። ነዳጅ በመቆጠብ የሚፎካከሩ ሰዎች የሚጠቀሙት ነው። ባዶ መንገድ ላይ፣ በመካከለኛ ፍጥነት፣ በማቬሪክ ዓይነቷ ላይ ትርፍ ይገኝበታል። ግን ሃይብሪዱ ራሱ ሞተሩን እያስነሳና እያጠፋ ተመሳሳይ ሥራ ስለሚሠራ በእግራችሁ የምትጨምሩት ያን ያህል አይደለም። ሌላ መኪና ባለበት መንገድ ላይ ፍጥነታችሁን ከፍ ዝቅ እያደረጋችሁ መሄድ ደግሞ ሰውን ያደናግራል። እኔ ለጀማሪ አልመክርም።

ኢኮ፣ ኖርማል፣ ስፖርት

ይህ አጭር ነው። ኢኮ ሞድ ሞተሩን አይቀይረውም። ፔዳሉን ያደነዝዘዋል፣ ኤሲውንም ይቀንሰዋል። እግራችሁ ገና ካልሰለጠነ ኢኮ ይረዳችኋል። ከሰለጠነ ኖርማል ላይም ያንኑ ታገኛላችሁ። ኢኮ ላይ አድርጎ ፔዳሉን ወለል ድረስ የሚረግጥ ሰው ምንም አላተረፈም። ስፖርትን ነዳጅ መቆጠብ ስትፈልጉ እርሱት።

ቅዝቃዜ፣ ሙቀትና አጫጭር ጉዞ

ሃይብሪድን የሚጎዳው ነገር አጭር ጉዞ ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሲሆን ራሱንና የጭስ ማውጫውን ማጣሪያ ለማሞቅ፣ እናንተ ባትፈልጉትም ይሠራል። የአሜሪካ ኢነርጂ ሚኒስቴር እንደሚለው ከዜሮ በታች 7 ዲግሪ ላይ፣ በ25 ዲግሪ ከሚገኘው ጋር ሲነጻጸር፣ ሃይብሪዶች ከ30 እስከ 34 በመቶ ሊያጡ ይችላሉ። ተራው የቤንዚን መኪና የሚያጣው 15 በመቶ ገደማ ነው። ስለዚህ አምስት ቦታ በአምስት ጊዜ ከመውጣት በአንድ ጉዞ መጨረስ ይሻላል፤ ረጅሙን ርቀት መጀመሪያ ሂዱ፣ ሞተሩ ይሙቅ፣ አጫጭሮቹ ከዚያ ይምጡ።

ሲበርድ የካቢኑ ማሞቂያ ሙቀቱን የሚያገኘው ከሞተሩ ስለሆነ ማሞቂያውን ከፍ ባደረጋችሁት ቁጥር ሞተሩ አልጠፋ ይላል። የወንበር ማሞቂያ ካላት እሱን አስቀድሙ። ሲሞቅ ደግሞ ኤሲ አትከልክሉ፤ ባትሪውም ሙቀት አይወድም። አንዳንዶቹ ላይ የባትሪው አየር መሳቢያ ከኋላ ወንበር ሥር ነው። እዚያ ላይ ጆንያና ቦርሳ አትከምሩ።

ቆማችሁ ስትጠብቁ ሞተሩ ጠፋ ብላችሁ መኪናዋ ጠፍታለች ብላችሁ እንዳትወጡ። ዳሽቦርዱ ላይ ዝግጁ የሚለው ምልክት ካለ ፔዳል ሲነካ ትሄዳለች።

ጭነት፣ ካሶኒና ጎማ

የካሶኒውን የኋላ በር ከፍቶ መሄድ ነፋሱን ያሳልፋል የሚለው ወሬ አሁንም አለ። ተዘግቶ ይሻላል። ሲዘጋ ካሶኒው ውስጥ አየር እየተሽከረከረ ይቀመጥና ከላይ የሚያልፈው ነፋስ በእሱ ላይ ተንሸራቶ ያልፋል። ጠፍጣፋ ክዳን ትንሽ ጥቅም ይጨምራል፣ ግን ለነዳጅ ብቻ ብላችሁ አትግዙት። ትልቁ ጠላት ከካቢኑ በላይ ከፍ ብሎ የተጫነ ዕቃና ባዶውን የሚዞር መደርደሪያ ነው። የማትጠቀሙበትን አውርዱት።

ክብደት ከተማ ውስጥ ይጎዳል። ሃይብሪድ ላይ ግን ከሌላው ያነሰ፣ ምክንያቱም የከበደው መኪና ፍሬን ሲይዝ የሚመልሰውም ይበዛል፤ በለስላሳ ከያዛችሁት ነው ታዲያ። ተሳቢ ስትጎትቱ አውራ ጎዳና ላይ የሃይብሪዱ ትርፍ ወደ ምንም ይጠጋል። ኤሌክትሪኩ የሚረዳችሁ ስትነሱና አጭር ዳገት ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የቤንዚኑ ሞተር ነው የሚሸከመው። እዚያ ሁሉም ዘዴ ተጥሎ ፍጥነት መቀነሱ ብቻ ይቀራል።

ጎማ ላይ ምርጫው በመንገዱና በመልኩ መካከል ነው። ጥርሱ ትልልቅ የሆነው የገጠር ጎማ ያምራል፣ ጭቃ ላይ ያወጣል፣ አስፋልት ላይ ግን ይጮሃል፣ ይከብዳል፣ ነዳጅም ይበላል። አስፋልት ላይ የምትውሉ ከሆነ የአስፋልቱን ጎማ ያዙ። ንፋሱን ጎማው ቀዝቃዛ ሳለ ለኩ። ትክክለኛው ቁጥር የሾፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ነው፤ ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው ጎማው የሚችለው የመጨረሻ መጠን ነው።

ትርፉን እንዴት ታውቃላችሁ?

ዳሽቦርዱ የሚያሳየውን አማካይ ቁጥር ሙሉ በሙሉ አትመኑት። ከእውነቱ ትንሽ አሳምሮ የሚያሳይ ብዙ ነው። ታንኩን ሞልታችሁ ኪሎ ሜትሩን ዜሮ አድርጉ፣ ንዱ፣ እንደገና እዚያው ማደያ፣ ከተቻለ እዚያው ፓምፕ ላይ ሙሉ፣ የሄዳችሁትን ኪሎ ሜትር ለገባው ሊትር አካፍሉ። አንድ ታንክ አይበቃም፣ ነፋስና ዝናብ ይለውጡታል፤ ጥቂት ታንክ አማካይ ያዙ። ከመደበኛው የተለየ መጠን ያለው ጎማ ከቀየራችሁ ደግሞ ኪሎ ሜትር ቆጣሪውም ይዋሻል።

ስታነጻጽሩ በሊትር ስንት ኪሎ ሜትር የሚለው ልማዳችን አንድ ነገር ይሸፍናል። ከ8 ወደ 10 የወጣ ሰው 100 ኪሎ ሜትር ላይ 2.5 ሊትር ቆጠበ። ከ15 ወደ 18 የወጣው ቁጥሩ በሦስት ቢጨምርም የቆጠበው 1.1 ሊትር ብቻ ነው። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁለት መኪና ካላችሁ፣ አንዷ ትልቅ በሊታ፣ ሌላዋ ትንሽ ቆጣቢ፣ ይህን ሁሉ የእግር ልምምድ መጀመሪያ በትልቋ ላይ ሥሩት። በአንድ ጊዜም አንድ ነገር ብቻ ቀይሩ። በዚህ ታንክ ፍሬን አያያዛችሁን፣ በሚቀጥለው ፍጥነታችሁን። ሁለቱንም ባንዴ ከቀየራችሁ የትኛው እንደሠራላችሁ አታውቁም።